የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፊደል ገበታ ለመግባቢያ፣ በአማርኛ የሚያነብ ኮምፒውተር ለሥራ

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በስትሮክ ምክንያት ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ተይዟል፤ የምንላቸውን ግን ይረዳሉ፣ ጋዜጣም እያገላበጡ ያያሉ። የሚፈልጉትን ሳናውቅላቸው ስንቀር ይበሳጫሉ። ውጭ ሀገር ያለው ወንድሜ የሚናገር መሣሪያ ገዝቶ ሊልክ ነው። ምን ዓይነት ይግዛ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ወንድምዎ ገንዘቡን ለጊዜው ይያዘው። በውጭ የሚሸጡት የሚናገሩ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለእንግሊዝኛና ለመሰል ቋንቋዎች ስለሆነ፣ አማርኛ መኖሩን ሻጩ በጽሑፍ ሳያረጋግጥ የሚገዛ ዕቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀረው።

ከመሣሪያው በፊት መጣራት ያለበት ስትሮኩ የጎዳው ምን እንደሆነ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቃሉ በአእምሮ ውስጥ እያለ ምላስና ከንፈር አልታዘዝ ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቃሉን ራሱን ማግኘትና ፊደሉን መለየት ያዳግታል። ቀኝ እጅ ከንግግር ጋር አብሮ ሲያዝ ጉዳቱ ያለው በግራው የአእምሮ ክፍል በመሆኑ፣ ቋንቋም በአብዛኞቻችን የሚገኘው በዚያው ክፍል በመሆኑ፣ ሁለተኛው ዓይነት ጉዳት አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ማለፍ አይገባም። ጋዜጣ ማገላበጣቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በግራ እጃቸው ስማቸውን እንዲጽፉ፣ ወይም ከፊታቸው ያለ ዕቃ ስም የሚጀምርበትን ፊደል እንዲጠቁሙ ይጠይቋቸው። ይህ ካቃታቸው በፊደል ማስጨነቁ ይቅርና የውሃ፣ የመጸዳጃ ቤት፣ የሕመም፣ የብርድ ሥዕሎችንና የቤተሰቡን ፎቶግራፎች በአንድ ሰሌዳ ላይ ያዘጋጁላቸው። በስፔን የአራጎን ክልል መንግሥት ያሠራው አራሳክ የተባለ የሥዕል ስብስብ ለዚህ ዓላማ በነፃ ይገኛል።

ፊደል የሚለዩ ከሆነ ግን ዕድለኞች ነን፤ የእኛ የፊደል ገበታ ለዚህ ሥራ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ከ33ቱ የፊደል ቤቶች ድምፃቸው የሚደጋገመውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ቢተዉ 28 ይቀራሉ፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው ሰባት ቤት ባላቸው አራት ክፍሎች ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ከሀ እስከ ቀ፣ ሁለተኛው ከበ እስከ ከ፣ ሦስተኛው ከኸ እስከ ጀ፣ አራተኛው ከገ እስከ ፐ ይሆናል። ፒያሳ ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ በትልቅ ወረቀት አሳትመው ላሚኔት ያስደርጉት።

አባትዎ ቡና አማራቸው እንበል። እርስዎ «አንደኛ ክፍል? ሁለተኛ ክፍል?» እያሉ ይጠራሉ፤ እሳቸው በሁለተኛው ላይ ግራ ጣታቸውን ያነሣሉ። ቀጥለው «በ?» ሲሉ ያነሣሉ፤ «ግዕዝ? ካዕብ?» ሲሉ በካዕብ ላይ ያነሣሉ፤ «ቡ» ተገኘ። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል፣ ነ፣ ራብዕ። ለመምህር ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። በጽሑፋችን ሳድስ በብዛት ስለሚያጋጥም፣ ሲለምዱት ከግዕዝ ይልቅ ከሳድስ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል። «አይደለም» ለማለትም የተለየ ምልክት ይኑራቸው፤ ዝምታ እንደ እምቢታ ከተቆጠረ፣ ያልሰሙትንም የደከማቸውንም እምቢ እንዳሉ እያደረግን እንወስዳለን። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቸኩሎ በመገመት ነው፤ «ቡ» እንዳሉ «ቡላ ነው?» ብሎ ከመጣደፍ «ልገምት?» ብሎ ማስፈቀድ ይሻላል።

ኮምፒውተር ከዚህ በኋላ ይመጣል። በግራ እጅ ብቻ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አስቸጋሪው ሺፍት ነው፤ የአማርኛውን ድምፅ በሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቁልፍ በሚጽፉት የተለመዱ የድምፅ አጻጻፎች ጠ እና ጨን የመሰሉ ፊደላት የሚገኙት ሺፍትን ከሌላ ቁልፍ ጋር አብሮ በመጫን ነውና። በዊንዶውስ ላይ ሺፍትን በተከታታይ አምስት ጊዜ ሲጫኑ የሚመጣውን ጥያቄ ቢቀበሉ ቁልፎቹን በየተራ መጫን ይበቃል። የጻፉትን በድምፅ ለማሰማት ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤጅ በተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ መቅደስ እና አመሃ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አሉ፤ የሚሠሩት ግን ኢንተርኔት ሲኖር ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት የሚያገለግለው ያው ላሚኔት የተደረገው ገበታ ነው።

ይህን ሁሉ በባለሙያ ፊት መጀመር የተሻለ ስለሆነ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍሉን ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሬ ድረ ገጾችን በአማርኛ ያነብልኛል፤ ከሥራ ባልደረቦቼ የሚላኩልኝን ደብዳቤዎች ሲከፍት ግን ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይለፈልፋል፤ አንዳንዶቹን ጨርሶ ዝም ይላቸዋል። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን? (ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ችግሩ ከላኪዎቹ ነው። የሚጠቀሙበት የስክሪን ጽሑፍ አንባቢ ኤንቪዲኤ ከሆነ፣ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ አብሮት የሚመጣው፣ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኢስፒክ አማርኛን ያውቃል፤ ድምፁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጆሮ ይሰለቸዋል። ፕሮግራሙ የሚያነበው በፊደሉ መልክ ሳይሆን በኮዱ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ የራሱን ኮድ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የእኛን ፊደል ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ይሥሉት ነበር። እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ ለዓይን «ጉዳዩ» የሚለው ቃል፣ ለኮምፒውተርዎ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ነው። ባልደረቦችዎ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ አሪያል ይለውጡት፤ አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ ወደ ላቲን ከተቀየረ አሮጌው ነው።

ዝም የሚላቸው ደግሞ ማኅተም ካረፈባቸው በኋላ ስካን የተደረጉ ናቸው፤ በውስጣቸው ፎቶግራፍ እንጂ ጽሑፍ የለም። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛን ሥዕል ወደ ጽሑፍ ይመልሳል፤ በደበዘዘ ወረቀትና ማኅተም በሸፈነው መስመር ላይ ግን ይሳሳታል። ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት እንዲሄድ፣ ለእርስዎ ግን በዩኒኮድ የተጻፈው የዎርድ ፋይል እንዲላክልዎ ለኃላፊዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ስለሚጥልበት፣ የአዋጁን ቁጥር በማመልከቻው ላይ ይጥቀሱት።