ኅዳር መርጠው ጥር ላይ መንግሥት?

ጥያቄ፦ ልጄ አየርላንድ ነው ያለው፣ ኮርክ የምትባል ከተማ። በ2017 የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ደውሎ «ዛሬ እዚህ ምርጫ ነው» አለኝ። በሦስተኛው ቀን «ማን አሸነፈ?» ብለው «ገና እየቆጠሩ ነው» አለኝ። ለገና ሲደውል «መንግሥት የለም፣ እየተደራደሩ ነው» አለ። መሪ ተመረጠ ያለኝ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። እኔ ቡና ስሸጥ ሒሳቤን በዚያው ቀን ነው የምዘጋው። ይህን ያህል ምን ይቆጥራሉ? ካሸነፉስ ምን ያደራድራቸዋል? ልጄስ እዚያ መምረጥ ይችላል?
ቡና ነጋዴዋ እናት፣ ከጅማ መርካቶ

መልስ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ልጅዎን ላርመው። መንግሥትስ ነበረ። አዲሱ እስኪሰየም አሮጌው ሥራውን ይቀጥላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የያኔው መሪ ሳይመን ሃሪስ ከነሚኒስትሮቻቸው ቢሯቸው ነበሩ።

የቀን ቆጠራዎ ግን ልክ ነው። ምርጫው ዓርብ ኅዳር 20 ነበር። መሪው የተመረጡት ጥር 15 ነው። እኔም ቆጠርኩት፤ 55 ቀን! ሁዳዴን ሙሉ ጾሞ እንደ መፍታት ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው። እኛ ዘንድ በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፣ አለቀ። እነሱ ዘንድ ግን አንድ የምርጫ ክልል ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሰው ይልካል። መራጩ «ኤክስ» አያደርግም። ከስሞቹ ጎን 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይጽፋል። አንደኛ ያለው ሰው ድምፁ ካልጠቀመው ወይም ከተረፈው፣ ወረቀቱ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል።

ይህን 26 ዓመት ሥነ ዜጋ ሳስተምር ለተማሪ በሰሌዳ አስረድቼ ተሳክቶልኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን እድራችን ተሰብስቦ ሦስት ዕቃ ለመግዛት ሲጨቃጨቅ፣ «እስቲ እንደ አየርላንዶቹ እንምረጥ» አልኩ። አምስት ዕቃ ቀረበ፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሲኒ፣ ማይክራፎን። ለ39 አባል ብጣሽ ወረቀት ታደለ። ድምፁን በጥሬ ቡና ፍሬ ሰፌድ ላይ ቆጠርነው።

ለማለፍ ስንት ያስፈልጋል? ድምፁን ከሚመረጠው ቁጥር በአንድ በሚበልጥ ያካፍሉታል፤ 39 ለ4። ሙሉውን ቁጥር ይዘው አንድ ይጨምሩበታል። 10 ፍሬ ማለት ነው።

ድንኳን 17፣ ወንበር 9፣ ድስት 6፣ ሲኒ 4፣ ማይክራፎን 3 አገኙ። ድንኳን አለፈ፣ ግን 7 ፍሬ ተረፈው። ድንኳን ያሉት ሰዎች ሁለተኛ ምን እንዳሉ አየንና ትርፉን በዚያው ልክ አካፈልነው። አንዱ ለወንበር፣ ሁለቱ ለድስት፣ አራቱ ለሲኒ። ወንበር 10 ሞላ፣ አለፈ። ድስትና ሲኒ እኩል 8፣ 8 ሆኑ። ሰፌዱን ሰው ከበበው። የመጨረሻው ማይክራፎን ወደቀ፤ ሦስቱ ፍሬው ሲከፋፈል ሁለቱ ለሲኒ፣ አንዱ ለድስት ሆነ። ሲኒ 10፣ ድስት 9!

መጀመሪያ አራተኛ የነበረው ሲኒ አለፈ፣ ሦስተኛው ድስት ቀረ። ድስት ያሉት እናቶች «ተጭበርብሯል» ብለው ተነሱ። ለአምስት ዕቃና ለ39 ሰው አንድ ሰዓት ፈጀብን። እነሱ ይህን የሚያደርጉት በ43 የምርጫ ክልል ነው፣ ወረቀት በእጅ እያገላበጡ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ማሽን ይሻላል ብለው 7,500 ያህል ገዝተው ነበር፤ ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጣበት። ሦስት የምርጫ ክልል ላይ ሞከሩት፣ ከዚያ አላመኑትም። በ2012 ጠቅላላውን በ70,000 ዩሮ ገደማ ለቁራሊዮ ሸጡት። ይኸው እስከ ዛሬ እርሳስ ናቸው።

ድርድሩ ደግሞ የዚህ አቆጣጠር ልጅ ነው። ድምፅ ብዙም ስለማይባክን የፓርላማው ወንበር ለብዙ ፓርቲ ይበተናል። ከ1977 ወዲህ አንድም ፓርቲ ብቻውን ከግማሽ በላይ ወንበር አላገኘም። በዚህኛው ምርጫ ከ174 ወንበር ፊያና ፎል 48፣ ሺን ፌን 39፣ ፊነ ጌል 38 አገኙ። ከግማሽ ለማለፍ 88 ያስፈልጋል። ስለዚህ እትዬ፣ እርስዎ ያሰቡት ዓይነት «ያሸነፈ» የለም።

ፊያና ፎልና ፊነ ጌል ተጣመሩ፤ 86። ሁለት ጎደለ። የጎደለውን ከግል ተወዳዳሪዎች አመጡ። የእነዚህ የሁለቱ ፓርቲዎች ነገር ይገርመኛል። መሠረታቸው በ1922 የተነሳው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን ውል አንዱ ወገን ተቀበለ፣ ሌላው አልቀበልም አለ፤ ወንድም ወንድሙን ገደለ። ልጆቻቸው መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በአንድ ካቢኔ አልተቀመጡም። የተቀመጡት በ2020 ነው፣ አረንጓዴ ፓርቲን ጨምረው፣ ያውም ከ140 ቀን ድርድር በኋላ። የእኛ ሰፈር ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አይለፋም።

መሪያቸውን «ቲሾክ» ይሉታል። ያንንም ተካፈሉት። እስከ ኖቬምበር 2027 የፊያና ፎሉ ሚሆል ማርቲን፣ ከዚያ የፊነ ጌሉ ሳይመን ሃሪስ። ማርቲን የልጅዎ ከተማ፣ የኮርክ ሰው ናቸው። ፓርላማው ሊመርጣቸው የነበረው ጥር 14 ነው። ግን መንግሥትን ደግፈው ሳለ በተቃዋሚ የንግግር ሰዓት ለመናገር የፈለጉ የግል ተመራጮች ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ጮኹ፣ ስብሰባው ፈረሰ፣ ምርጫው ለማግስቱ ተዛወረ። በ95 ለ76 አለፉ።

ልጅዎን በተመለከተ፦ ለፓርላማ የሚመርጠው እዚያ የሚኖር የአየርላንድ ወይም የእንግሊዝ ዜጋ ብቻ ነው። ለአካባቢ ምክር ቤት ግን ዕድሜው 18 የሞላ ነዋሪ፣ የየትም አገር ሰው ይሁን፣ ይመርጣል። የመጨረሻው በጁን 2024 ነበር፣ በየአምስት ዓመቱ ነው። መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን ይጠይቁት።

የእድራችን ሰብሳቢ ጨዋታውን የምር አድርገው ውሳኔ አስያዙት። ሲኒው ተገዝቷል፣ ስድስት ደርዘን። ድስት ያሉት እናቶች አቤቱታ አስገብተዋል። እስከ እሑድ እየተደራደርን ነው።