እረኞቹ ወዴት ተመለሱ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በልደት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድሬ «ቤዛ ኵሉ» ሲባል እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሁሉም ጠፋ። ሥራ ቦታ አለቃዬ ይጮኽብኛል፤ ቤት ስገባ የታመመች እናቴን አስታምማለሁ። በኃጢአቴ ምክንያት እግዚአብሔር ደስታዬን ወሰደብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አልወሰደብሽም። ኃጢአት ካለ ንስሐ አባትሽ አሉ፤ ያን ከእርሳቸው ጋር ተነጋገሪ። የጻፍሽልኝ ነገር ግን ድካም ነው።

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ጥር ሲገባ ይመጣልኛል። ብዙ ሰው ደስታ ሲል የሚያስበው የዚያን ሌሊት ሙቀት ነው፤ ጧፉን፣ ከበሮውን፣ እልልታውን። ሙቀቱ ሲበርድ እምነቱም የበረደ ይመስለዋል። ከዚያ ሙቀት ፍለጋ ይዞራል። ዛሬ እዚህ ጉባኤ፣ ነገ እዚያ ደብር። ቤት የተኛች እናቱን ለጎረቤት ትቶ እንዲህ የሚዞር ወንድም አጋጥሞኛል። አጥብቄ ነው የነገርኩት። እንባ ስጦታ ነው፤ ሲመጣ ተመስገን ማለት ነው። የእምነት መለኪያ ግን አይደለም።

የቤተ ልሔምን እረኞች አስቢ። ሰማይ ተከፍቶ መላእክት ሲዘምሩ ሰምተዋል፤ ሕፃኑንም በግርግም አይተዋል። ከዚያስ? «እግዚአብሔርን እያመሰገኑና እያከበሩ ተመለሱ» ይላል፤ ሉቃ. 2፥20። ወዴት ተመለሱ? እረኛ ወደ መንጋው ነዋ! ወደዚያው ብርድ፣ ወደዚያው የሌሊት ጥበቃ። በማግስቱ መላእክት እንደገና መጡ የሚል አናነብም። በእኛ ሀገር እረኞቹ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ገና ተጫወቱ ይባላል። ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። የተጫወቱበት በትር እኮ በማግስቱ በግ የሚጠብቁበት ነው። ሌላ በትር አልያዙም።

ወደ ላሊበላ የሚሄደውን ተሳላሚም ተመልከቺ። ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ይደርሳል። ካህናቱ ከቤተ ማርያም አፋፍ ላይና ከሥር ሆነው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ»፣ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ፣ እያሉ ሲቀባበሉ ያያል፤ ከዚያ ያንኑ መንገድ በእግሩ ይመለሳል። ሲመለስም ዳገቱ አልቀነሰለትም። «ዮም» ማለት ደግሞ «ዛሬ» ማለት ነው። አንቺ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆምሽበት ሰኞም ዛሬ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ሲል የጻፈው ታስሮ ነው። በዙሪያው እልልታ አልነበረም። ደስታው በጌታ ነበር እንጂ በቦታው አልነበረም።

ይህ ማለት ግን ሥራ ቦታ እየከፋሽ የውሸት ሳቂ ማለት አይደለም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ስለ እናትሽ ብታለቅሺ ደስታሽን አላጣሽም። ማታ እግሯን ስታጥቢ፣ መድኃኒቷን ስታቀብዪ፣ ያቺን የልደት ሌሊት መዝሙር በለሆሳስ በያት። እርሷ እኮ ዘንድሮ ማኅሌት መቆም አልቻለችም። አንቺ ይዘሽላት ግቢ። ድምፅሽ ቢደክም፣ እንባ ባይመጣም በያት።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ጩኸቱ ልክ ነው አልልሽም። ሲረጋጋ በአክብሮት ንገሪው። ያን ቀን የተናደድሽበትን ግን ቤት ይዘሽ ገብተሽ እናትሽ ላይ እንዳታወርጂው አደራ።

የእናትሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት አስባታለሁ። ለጥምቀት መውጣት ካልቻለች ጠበሉን በዕቃ ቀድተሽ ውሰጂላት።