መልስ፦ የጨቅላው ትኩሳት በአምፒሲሊንና ጀንታማይሲን ለምን አልበረደም?
እህት፣ ደሴ የተኛው የእህትሽ ልጅ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች 3 ቀን ተወግቶ ለምን አልተሻለውም ላልሽው፦ በጨቅላ ክፍሎች የሚበዛው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ አምፒሲሊንን ከተፈጥሮውም አይፈራም፤ ጀንታማይሲንንም ብዙ ጊዜ ተላምዷል። ሴፍትሪአክሶን በተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ቢቀየርለት እንኳ ጀርሙ መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ካለው ከንቱ ነው። ጀርሞች መድኃኒት መላመዳቸውን በኮቪድ ጊዜ ያለ አግባብ የተሰጠ አንቲባዮቲክም ሳያባብሰው አልቀረም፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ሆስፒታል ከተኙ የኮቪድ ሕሙማን ተጨማሪ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን የነበረባቸው 8 በመቶ ያህል ሲሆኑ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ግን ከ4ቱ 3ቱ ናቸው።

የደም ካልቸር (በደሙ ያለውን ጀርም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) መላኩን ጠይቂ። መድኃኒቱ ከመቀየሩ በፊት 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀዳል፤ ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ ሳይደርቅ መርፌ ከገባ የቆዳ ጀርም በቅሎ ያሳስታል። ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። እስከዚያው ከወልድያም ከኮምቦልቻም የመጣ ጠያቂ (አያትም ብትሆን!) እጁን ሳይታጠብ አይንካው። ጡት እምቢ ካለ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ ነርሷን ወዲያው ጥሪ።