ድርሰታችሁን በሁለት ቤት አስቀምጡ

በባሕር ዳር መድረክ ላይ ለመሥራት ለምታስቡ ልጆቼ፣

በተዋናይነት፣ በአዘጋጅነት፣ ኋላም በባህል ባለሙያነት ከ40 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤቴ ድረስ የምትመጡ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ፣ ቲያትር ለመሥራት የግድ አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልግ እንደሆነ ነው። አያስፈልግም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን እዚህ የተሠራው ሥራ የት ገባ የሚለው ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችሁ ይህችን ከተማ በጣናና በዘንባባዋ ታውቋታላችሁ። የዛሬዋን ባሕር ዳር ካቆሟት ነገሮች አንዱ ግን ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በ1955 ፖሊ ቴክኒኩ ተከተለ፤ በ1956 ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል መጣ። ፋብሪካው ከየገጠሩ የሰበሰበው ወጣት ደመወዝተኛ ሆነ፤ ከማያውቀው ሰው ጎን ቆሞ መሥራትንና በፈረቃ መኖርን ለመደ። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ሲቋቋም፣ ይህ ሕዝብ ተመልካችም ተዋናይም ሆኖ ተገኘ።

እኔም መድረክን የለመድሁት ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ነው። ሥራው በሦስት ፈረቃ ስለነበር ሁሉንም ሰው በአንድ ሰዓት ለልምምድ ማግኘት አይቻልም ነበር፤ የሌሊቱ ተረኛ ሲተኛ የቀኑ ተረኛ ማሽን ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ ሁለት ሁለት ሰው ያጠናው ነበር፤ በትርኢቱ ዕለት ከሁለቱ ከሥራ ነፃ የሆነው መድረክ ይወጣል፣ ሌላው ፈረቃው ላይ ሆኖ ቃለ ተውኔቱን በልቡ ይወጣዋል። የሽመና ክፍል ሴቶች ድምፅ አዳራሹን ያለ ማይክሮፎን ይሞላው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጩኸት በላይ ሲነጋገሩ የሚውሉ ነበሩና። እናንተ ማይክሮፎን ጠፋ ብላችሁ ልምምድ ስታቋርጡ ሳይ እነሱ ትዝ ይሉኛል።

እነዚያ ተውኔቶች በስቴንስል ተባዝተው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ቦታ ሲቀይር ቁም ሣጥኑ ተራግፎ ተሸጠ፤ ወረቀቱን ማንም አልጠየቀም። ከወራት በኋላ አንዲት ሴት ቆሎ ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ መጠቅለያው ላይ የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁ፤ የሁለተኛው ገቢር አንድ ገጽ ነበር። ከቀሩት ወረቀቶቿ መካከል ፈልጌ ሁለት ገጽ ጨምሬ አገኘሁ። ከአሥራ አንድ ተውኔት የተረፈን ይኸው ነው። መሥሪያ ቤቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሌላ ቅጂ በቤታችን ማስቀመጥ ከእኛ ከደራሲዎቹና ከአዘጋጆቹ የአንዳችንም ሐሳብ አልነበረም።

ጀልባ ተሳፍራችሁ ወደ ዘጌ ስትሻገሩ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሥዕሎቹ ብዙዎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። እርጥበትና ምስጥ ባለበት አገር እስከ ዛሬ የቆዩት የሚጠብቃቸው፣ ጣሪያውን የሚያድስላቸው ሰው ስላልታጣ ነው። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሥራው የማን እንደሆነ ከሥራው ጋር አብሮ እንዲኖር ተደርጓል። የእኛን መጋረጃ ከአቡጀዲ የሰፋው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ ትርኢታችሁ ባለቀ ማግስት፣ ድካሙ ሳይወጣላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን ምን ሆኖ እንደተወነ፣ መብራቱን ማን እንደያዘ፣ በልምምድ ላይ የትኛው ንግግር ተለውጦ የትኛው እንደቀረ። አንዱን ቅጂ በአንዳችሁ ቤት፣ ሌላውን በሌላ ሰፈር አስቀምጡ። በስልክ መቅረጻችሁ መልካም ነው፣ ስልክ ግን ይሰረቃል፣ ይበላሻልም። ከአዝማሪ ግጥም ስትቀርጹም አስፈቅዱ፣ ስሙን ጻፉ፣ የድካሙንም ክፈሉት።

እኔ በበኩሌ ከሦስቱ ገጾች ተነሥቼ ያንን ተውኔት መልሼ ለመጻፍ ጀምሬያለሁ። የረዱኝ እነዚያ በልባቸው ያጠኑት ሰዎች ናቸው። የሽመና ክፍል ባልደረባ የነበረች አንዲት እናት የመጀመሪያውን ገቢር ሳትደናቀፍ አወረደችልኝ፤ ተረኛ ስለነበረች አንድም ቀን መድረክ ላይ ያላለችው ነው። በተውኔቱ ውስጥ ባለችው ልጅ የስንብት ንግግር ላይ ግን አልተስማማንም፤ እሷ የምትለው እኔ ጽፌዋለሁ ከምለው ይለያል፣ እውነቱን ለመናገር የእሷ ይሻላል። ለጊዜው ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፈናቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለንና ወረቀት ይዛችሁ ኑ።