ፕላዝማን በመግነጢስ መያዝ ለምን ከበደ? ጥያቄና መልስ

ከደሴም ከኮምቦልቻም ስለ ፊውዥን፣ ማለትም ቀላል አቶሞችን በከፍተኛ ሙቀት አዋህዶ ኃይል ስለ ማውጣት፣ ብዙ ጠይቃችሁኛል። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ 150 ሚሊዮን ዲግሪ የሚሞቅ ነገር ዕቃውን አያቀልጠውም?

መልስ፦ ልፋቱ ሁሉ ዕቃውን እንዳይነካ ነው ወንድሜ። በዚያ ሙቀት ኤሌክትሮኖች ከኒውክሊየሳቸው ይላቀቁና ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል። ቻርጅ ያለው ቅንጣት ደግሞ የመግነጢስ መስመሩን እየተጠማዘዘ ይከተላል። ስለዚህ መስመሩን ቀለበት ታደርገዋለህ። ቀለበት ብቻውን ግን አይበቃም፤ መግነጢሱ በውስጥ በኩል ይበረታል፣ በውጭ በኩል ይደክማል፣ አዮኖቹ ወደ ላይ ቢንሸራተቱ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ታች ይሄዳሉ፣ በመካከላቸው የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ፕላዝማውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። መፍትሔው መስመሩን መጠምዘዝ ነው። ቶካማክ የሚባለው የቀለበት ቅርጽ ያለው ማሽን ይህን የሚያደርገው በራሱ በፕላዝማው ውስጥ ከፍተኛ ከረንት በማሳለፍ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ እሱ ከታወቀ ታዲያ ምን ቀረ?

መልስ፦ ቱርቡለንስ! ክረምት ላይ ቦርከና ሲሞላ ውሃው እየተሽከረከረ ሲወርድ አይተሃል አይደል? ፕላዝማውም ውስጥ እንደዚያ ያለ ሽክርክሪት አለ፤ መሃል ያለውን ሙቀት እያወጣ ጠርዝ ላይ ይደፋዋል። ቅንጣቶች እርስ በርስ በመጋጨት ብቻ ይጠፋል ተብሎ ከሚሰላው ሙቀት በተግባር የሚጠፋው እጅግ ይበልጣል። እኩልታዎቹ ይታወቃሉ። ግን ሽክርክሪቱ ከሚሊሜትር በታች ጀምሮ እስከ ማሽኑ ስፋት ስለሚደርስ ሱፐር ኮምፒውተር እንኳ ሁሉንም ባንዴ ማስላት ይከብደዋል። በ1982 ጀርመን ውስጥ አስዴክስ በተባለው ማሽን ላይ ማሞቂያውን ሲጨምሩ ፕላዝማው በድንገት ሙቀቱን በእጥፍ ገደማ መያዝ ጀመረ። ቀድሞ የተነበየው ቲዎሪ አልነበረም! ያ ለውጥ በትክክል መቼ እንደሚመጣ እስከ ዛሬ ከመሠረታዊ ሕጎች ተነስቶ ሙሉ በሙሉ ማስላት አልተቻለም። ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓኝ ጥያቄ ይሄ ነው።

ጥያቄ (ደሴ፣ አንዲት እህት)፦ እንደ ቦምብ አይፈነዳም?

መልስ፦ አብሽሪ፣ አይፈነዳም። ውስጡ ያለው ነዳጅ በጣም ትንሽ ነው፤ ሚዛኑ ከተዛባ ይጠፋል። አደጋው ለማሽኑ ነው፤ ከረንቱ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ሲቋረጥ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች ግድግዳውን ሊበሱት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ስቴላሬተር የሚባለው ሌላው ዓይነት ማሽን አይሻልም?

መልስ፦ በዚህ በኩል አዎ፣ መስመሩን የሚጠመዝዘው በመግነጢስ ጥቅልሎቹ ቅርጽ ስለሆነ ትልቅ ከረንት አያስፈልገውም። ቅርጹ ግን ለማስላትም ለመሥራትም ፈተና ነው። ጀርመን ያለው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ በ2015 ሥራ ጀምሯል።

ጥያቄ፦ መብራት መቼ ይሰጠናል?

መልስ፦ ዓመት አልጠራም። እንግሊዝ የነበረው ጄት የተባለ ቶካማክ በ2023 69 ሜጋጁል የፊውዥን ኃይል አመነጨ፣ ያም ለማሞቂያ ከገባው ያነሰ ነው። ፈረንሳይ እየተሠራ ያለው ኢተር የተባለ ቶካማክ 50 ሜጋዋት ማሞቂያ አስገብቶ 500 ሜጋዋት የፊውዥን ኃይል ሊያወጣ አቅዷል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ የምህንድስና ተማሪ)፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከማክስዌል እኩልታዎችና ከፈሳሽ ሜካኒክስ። ጎን ለጎን ፓይተን ተማር፤ በመጀመሪያ አንድ ቅንጣት በመግነጢስ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ራስህ ጻፈው፣ ለዚያ ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።