ጨለማ ክፍል በሰርቪስ ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ጥቁርና ነጭ ፊልም በቤታቸው ማጠብ የሚፈልጉ የፎቶ ቡድናችን አባላት ጥያቄ አከማችተው ልከውልኛል። አብዛኞቹ እንደ እኔ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበትና መብራት ባሻው ሰዓት ከሚሄድበት ሰፈር ናቸው። የምመልሰው ለገጣፎ ከምትገኘው ሰርቪስ ቤቴ ሆኜ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ቴርሞሜትር፣ የፊልም ማጠቢያ ታንክ (ብርሃን የማያስገባ ባለ ክዳን ዕቃ) እና ፊክሰር (የወጣውን ምስል ብርሃን እንዳያበላሸው የሚያጸናው ፈሳሽ) በገንዘብ ይገዛሉ። የቀረውን ከቤትና ከቆራሌ እንፈልጋለን።

ከቡራዩ፦ ጋሼ፣ የተከራየሁት አንዲት ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ይቻላል?

ይቻላል። ፊልምና ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት ግን ለየብቻ ይታሰቡ። ፊልም ድፍን ጨለማ ይፈልጋል፤ የሚፈልገው ግን ከካሴቱ ወጥቶ ታንኩ ውስጥ እስኪገባ ብቻ ነው። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ መብራት አብርተህ፣ ሬዲዮ ከፍተህ መሥራት ትችላለህ። ለዚያች አጭር ጊዜ ወፍራም የቆዳ ጃኬት በቂ ነው፤ ዚፑን ዝጋ፣ ታንኩንና ፊልሙን ከውስጥ አስቀምጥ፣ አንገቱንና ወገቡን አጥፈህ እሰር፣ እጆችህን ከውጭ በእጅጌዎቹ አስገባ። ይህንንም ማታ፣ መብራት አጥፍተህ አድርገው። በጋቢ የሚሠሩ አሉ፤ የጥጡ ብናኝ ፊልም ላይ ስለሚቀር አልመክርም።

ለወረቀት ሥራ መስኮቱን ለግንባታ በሚውለው ጥቁር ላስቲክ ደርበህ ሸፍን፤ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ድፈን። ከዚያ ነጭ ወረቀት ይዘህ አሥር ደቂቃ ጨለማው ውስጥ ተቀመጥ። ዓይንህ ሲለምድ የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይታዩሃል። ወረቀቱ ከታየህ ብርሃን ይገባል ማለት ነው።

ከሰንዳፋ፦ ማንኛውም ቀይ አምፖል ይሆናል?

አይሆንም። የተለመደው የጥቁርና ነጭ ወረቀት ቀይ ብርሃን አይሰማውም፤ ነገር ግን ቀይ ቀለም የተቀባ አምፖል ሌላም ብርሃን ያሾልካል። ቀይ ኤልኢዲ ይሻላል፤ የብስክሌት የኋላ መብራት ደግሞ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋም ያገለግላል። ፈትነው፦ አንድ ቁራጭ ወረቀት መጀመሪያ ለደካማ ነጭ ብርሃን ለቅጽበት አጋልጥ፤ ከዚያ ሳንቲም አስቀምጥበትና ቀዩ መብራት ሥር አምስት ደቂቃ ተወው፤ ከዚያ እጠበው። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱን አርቀው ወይም ቀይረው።

ከሰበታ፦ ጡረተኛ ነኝ፤ ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ዲቨሎፐር፣ ውድ ሆነብኝ። ፊልም በቡና ይታጠባል የሚባለው እውነት ነው?

እትዬ፣ እውነት ነው። በ1995 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አሜሪካ በሚገኘው የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊሊያምስና ተማሪዎቻቸው የሠሩት ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አሻሽሎታል። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ውሃ አልባ የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄትና 40 ግራም የሚሟሟ ቡና ይበቃል። መጀመሪያ ሶዳውን አሟሙ፣ ቀጥሎ ቫይታሚኑን፣ በመጨረሻ ቡናውን። አረፋው እስኪረግብ ጥቂት ይጠብቁና በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ15 ደቂቃ ያጥቡ። ውሃ ውስጥ የሚፈላው የቫይታሚን ክኒን አይሆንም።

የልብስ ሶዳ ካጡ ከየሱቁ ቤኪንግ ሶዳ ይግዙ። 86 ግራሙን በማይዝግ ብረት ዕቃ ዘርግተው ምድጃ ውስጥ በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት ቢያቆዩት እንፋሎቱና ጋዙ ይወጣና የሚፈልጉት 54 ግራም ይቀራል። የአሉሚኒየም ድስት ግን አያስነኩት፤ ሶዳው ብረቱን ይበላዋል።

ሥራውን የሚሠራው ካፌይን አይደለም፤ ቡናው ውስጥ ያሉት እንደ ካፌይክ አሲድ ያሉ ውህዶች ናቸው። በእነዚህ ደግሞ ርካሹ የሮቡስታ ቡና የእኛን አረቢካ ይበልጠዋል። ስለዚህ ርካሹን የታሸገ ቡና ይግዙ፤ የጀበናውን ለእንግዳ ያቆዩት። ድብልቁ አያድርም፣ የዕለቱን ለዕለቱ ነው። ሽታውንም አላቆላምጠውም፤ ፊልሙ ታንክ ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮት ይክፈቱ።

ከኮተቤ፦ ማቆሚያና ፊክሰርስ ከጓዳ ይገኛሉ?

ማቆሚያው፣ ማለትም የዲቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆመው ፈሳሽ፣ አዎ። አምስት በመቶ የሆነ አቼቶ አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ፣ ግማሽ ደቂቃ። በአካባቢው በረኪና እንዳይኖር፤ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ፊክሰሩን አትነካካ። በጨው ውሃ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ፊልሙን ጨው ውስጥ ዘፍዝፎ ከአንድ ቀን በላይ መጠበቅ ነው፤ ውጤቱም አያስተማምንም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ሄርሸል በ1819 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የፊክሰር ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሶዲየም ታዮሰልፌት የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ ካወቀ ወዲህ የተሻለ ርካሽ ነገር አልመጣም፤ ግዛው። ጥንካሬውን ለመፈተን የፊልም ጫፍ ቁራጭ ጣልበትና ጥርት እስኪል ያለውን ጊዜ ለካ፤ የዚያን እጥፍ ፊልምህን አቆይ። የማጥሪያው ጊዜ ፊክሰሩ አዲስ ሳለ ከነበረው እጥፍ ከሆነ ፈሳሹ አልቋል።

ከጣፎ፦ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ፊልም ማለቅለቅ ብዙ ውሃ አይፈጅም?

የቧንቧ ውሃ ማስፈሰስ አያስፈልግም። የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ያስተማረው ዘዴ አለ፦ ታንኩን ሙላ፣ አምስት ጊዜ ገልብጥ፣ ድፋ፤ እንደገና ሙላ፣ አሥር ጊዜ፤ በሦስተኛው ሃያ ጊዜ። ለአንድ ፊልም አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ከጀሪካን ይቀዳል። ፈጣንና ማጠንከሪያ (የፊልሙን ሽፋን የሚያጠነክር ኬሚካል) የሌለበት ፊክሰር ለተጠቀመ ይሠራል። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከነዳጅ ማደያ የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) ግዛ፣ የፈሳሽ ሳሙና ጠብታ ጨምርበት፤ የውሃ ነጠብጣብ አይቀርበትም። አቧራ እንዳይይዘው በልብስ መቆንጠጫ የምትሰቅለውም አስፋልት ያልነካው መንገድ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ማታ ይሁን።

ከዚያው ከጣፎ፦ ሌሊት ይበርዳል፤ ፈሳሹ 20 ዲግሪ አይቆይም።

ጠርሙሶቹን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁማቸው። ቴርሞሜትር ግዛ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከዓለም ገና፦ የፊልሙን ምስል አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚጥለው ማጉያ ማሽን ከየት ይገኛል?

የቆዩ የፒያሳ ፎቶ ቤቶችን ጠይቅ፤ አንዳንዱ አቧራ ለብሶ መጋዘን ተቀምጧል። መርካቶ ምናለሽ ተራም ይፈለጋል። እስከዚያ ግን ጀርባው የሚከፈት አሮጌ የፊልም ካሜራ ካለህ ማጉያ አለህ። ነጋቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም፣ ካሜራው ውስጥ ፊልም በሚያልፍበት ቦታ ላይ አስቀምጥ፣ ከኋላው ነጭ ፕላስቲክና ኤልኢዲ አምፖል አድርግ፣ የሌንሱን መከለያ (ሹተሩን) እስከፈለግህ ክፍት በሚያቆየው «ቢ» (B) ምልክት ላይ ክፈተውና ቆልፈው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሆኖ ግማሽ ሜትር ላይ ከተስተካከለ፣ በዚያው ርቀት በቆመው ወረቀት ላይ 18 በ27 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ምስል ይጥላል። በዙሪያው የሚያሾልከውን ብርሃን በካርቶን ሸፍን። የሚያግል አምፖል አትጠቀም፣ ነጋቲቩን ያጣምመዋል።

ከሱሉልታ፦ ያለቀውን ፊክሰር ጓሮ ብደፋው?

አትድፋ። ከፊልሙ የወጣ ብር አለበት፤ ጎረቤትህም የጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ይሆናል። በፕላስቲክ ባልዲ አጠራቅመህ የሚዝግ የብረት ሽቦ ጥጥ ጣልበት፤ ብረቱ ሲሟሟ ብሩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። የማይዝገው የድስት መፈግፈጊያ ለዚህ አይረባም። ዝቃጩን ለይተህ አስቀምጥ፤ ፈሳሹንም አፈር ላይ አታፍስስ።

ከዚያው ከሱሉልታ፦ ሳፋዎቹንስ መልሼ ለቤት ላውላቸው?

በፍጹም። የዲቨሎፐሩን፣ የማቆሚያውንና የፊክሰሩን ሳፋ በሦስት ቀለም ግዛ፣ በላያቸው በማይለቅ ቀለም ጻፍባቸው፤ ሊጥ ሊያቦካባቸው የሚመጣ ሰው አይጠፋም።