መልስ፦ ቅርንጫፍ የሌለው አላይ ባንክ እንዴት ያበድራል?

ሰላም ወንድሜ። «ቅርንጫፍ የሌለው አላይ ባንክ የመኪና ብድር የሚሰጠው ገንዘቡን ከየት አምጥቶ ነው? ልመነው?» ብለሃል።

አላይ በኦንላይን ብቻ የሚሠራ የአሜሪካ ባንክ ነው፤ ግን አዲስ ድርጅት አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1919 መኪና በዱቤ ለመሸጥ ያቋቋመው ጂኤምኤሲ ነው። በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ የባንክ ሆልዲንግ ኩባንያ (የባንክ ባለቤት የሆነ ኩባንያ) ሆነ። ስሙን ቆየት ብሎ ወደ አላይ ቀየረ። ገንዘቡ በዋናነት በኦንላይን ከሚቆጥቡ ሰዎች ይመጣል። እሱኑ ከፍ ባለ ወለድ ለመኪና ገዢ ያበድራል። ቁጠባህ እስከ 250,000 ዶላር የኤፍዲአይሲ (የባንክ ተቀማጭን የሚያረጋግጥ የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት) ዋስትና አለው፤ በዚህ አትስጋ።

እኔን የሚያሳስበኝ ብድሩ ነው። ብዙውን ጊዜ የምትፈርመው መኪና ሻጩ ቢሮ ነው። ባንኩ 6 በመቶ ወለድ ቢል ሻጩ 8 ብሎ ሊያቀርብልህ ይችላል፤ ከጭማሪው እሱም ይደርሰዋል። በ25,000 ዶላር የ5 ዓመት ብድር ላይ ይህ ከ1,400 ዶላር በላይ ያስከፍልሃል። እ.ኤ.አ. በ2013 አላይ ራሱ፣ በዚሁ ጭማሪ ጥቁሮች፣ ላቲኖችና እስያውያን ከነጮች የበለጠ ከፍለዋል ተብሎ 98 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ስለዚህ ሻጩ ጋ ከመሄድህ በፊት ከአንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) የብድር ቅድመ ፈቃድ አውጣና ወረቀቱን ይዘህ ግባ። «ከዚህ ታወርዳለህ?» በለው። ሻጩ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ካወራልህ ደግሞ ወለዱን ጠይቀው።